ከእኔ ሌላ ማን አለው?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን።

ልጄ 4 ዓመት ሊሞላው ነው። ብቻዬን ለማሳደግ የወሰንኩት ገና ሳላረግዝ ነው። አልተፋታሁም፣ ጥሎኝ የሄደም ሰው የለም። በሕክምና፣ በዘር ለጋሽ ነው የወለድኩት። ስለዚህ «ዕድሌ ሆኖ ነው» ማለት አልችልም። እኔ መርጫለሁ። ልጄ ግን አልመረጠም። ስለ ኃላፊነቴ ሳስብ ሁሌ የምጀምረው ከዚህ ነው።

ያኔ ሂሳቡን በደንብ ሠርቼ ነበር። የቤት ኪራይ፣ ልጅ የሚይዝልኝ ሰው ደሞዝ፣ ሥራ ባጣ የሚያቆየን ቁጠባ። ይሄ የግድ ነው። ያላሰብኩት ሌላውን ነው።

ልጁ የ7 ሳምንት አራስ ሳለ አንድ ሌሊት ታመምኩ። ትኩሳቴ 39 ገባ። አራስ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ እናቴ ታማለች ብሎ አይታገስም። ላነሳው ስል ጉልበቴ ከዳኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። የሚወደኝ ሰው ሞልቷል። ግን «እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ እደውልልሻለሁ» ብዬ አስቀድሜ የነገርኳት አንዲት ሰው እንኳ አልነበረችም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለእህቴ ደወልኩ። መጣች። ልጁን አቅፋ «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

ጠንካራ መባል ፈልጌ ነበር። ያ ሌሊት ግን የኩራቴን ዋጋ የከፈለው በረሃብ የሚያለቅሰው ልጅ ነው። ይሄ አሁንም ያመኛል።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ እንዲደርሱልኝ 3 ሰዎችን በየተራ ጠየቅኩ። በደፈናው «አይዞሽ፣ አለንልሽ» የሚባለውን አልፈለግኩም። የቤቴን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ልጁም በደህናው ቀን ለመዳቸው። እኔ ወድቄ ሳለ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲተዋወቅ አልፈልግም።

ከባዱ ግን «እኔ ብሞትስ?» የሚለው ነበር። ኑዛዜ ስጽፍ ሞግዚት እንድትሆነው እህቴን ጠየቅኳት። «አንድ ሳምንት ስጪኝ» አለች። እውነት ለመናገር ቅር አለኝ። እኔ ወዲያው እሺ ትለኛለች ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ እሺ ለማለት አንድ ሳምንት ያሰበች ሰው ናት የምታስፈልገው።

ሌላው እውነቱን መንገር ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በለጋሽ የተወለደ ልጅ ሲበስል የለጋሹን ማንነት የማወቅ መብት እንዲኖረው በሕግ ደነገገች። እንግሊዝም ከ2005 ጀምሮ ስም የለሽ ልገሳን አስቀርታለች፤ ልጁ 18 ሲሞላው መጠየቅ ይችላል። እኔም ማንነቱ እንዲገለጥ የፈቀደ ለጋሽ ነው የመረጥኩት። ለልጄ የነገርኩት ገና ቃላቱ ሳይገቡት ነው። እውነቱን መናገር መጀመሪያ እኔው ልለማመድ ብዬ።

ባለፈው ገላውን ሳጥበው «የረዳን ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለኝ። «እኔም ገና አላውቀውም። ትልቅ ስትሆን መጠየቅ ትችላለህ። ከፈለግህ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «አክስቴም ትምጣ» አለ።