ቪታራ ወይስ ራቭ ፎር? ከድሬዳዋ አድማጮች የቀረቡ የፎር ዊል ጥያቄዎች

የሐምሌ ቁልቢ ሲቃረብ ስለ ፎር ዊል መኪና የሚደወለው ስልክ ይበዛል። ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ደንገጎን ወጥቶ ዝናብና ጭቃ ውስጥ የሚገባ ሰው መኪናው ምን እንደምትችል ማወቅ ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። ሰዓት አጥሮኝ በሬዲዮ አየር ላይ ያቋረጥኳቸውን መልሶች እዚህ አሟልቻለሁ።

አድማጭ ከሳቢያን፦ መኪና ልገዛ ነው። በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት ቪታራና አንድ ራቭ ፎር አግኝቻለሁ። ደላላው ሦስቱም ፎር ዊል ናቸው ይላል። መካኒኬ ግን ራቭ ፎር እውነተኛ ፎር ዊል አይደለም ይለኛል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ስም ነው። «ፎር ዊል» የሚለው ስም የሞተሩ ኃይል አራቱም ጎማ ጋር መድረስ እንደሚችል ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚደርስ አይናገርም። ቁም ነገሩ ያለው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል በተቀመጠው ዕቃ ላይ ነው።

ቪታራን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪታራ በአዘቦቱ የምትገፋው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ነው። ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ አጭሩን ማርሽ ይስባል፤ ያኔ ፊትና ኋላ ተያይዘው እንደ አንድ ብረት ይዞራሉ። በ2005 የመጣችው ግራንድ ቪታራ በአብዛኛው ሁልጊዜ በአራቱም የምትነዳ ናት። መካከል ላይ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ሁለት ወገን በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅድ የጥርስ ዕቃ አላት፤ ሲያስፈልግ ይቆለፋል፣ ከባድ ማርሽም አላት። በ2015 ገበያ የገባችው ቪታራ ደግሞ በመሠረቷ በፊት ጎማ የምትጎተት ነች። የኋላው የሚያግዘው ኮምፒውተሩ ሲያዝ ብቻ ሲሆን፣ ኃይሉም የሚተላለፈው በሚጨመቁ የፍሪሲዮን ሳህኖች በኩል ነው። በአንድ ስም ሦስት የተለያዩ መኪናዎች አሉ ማለት ነው! ስለዚህ «ቪታራ ነው» መባሉ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም።

ራቭ ፎርም እንዲሁ ነው። በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ራቭ ፎር መካከለኛ ዲፈረንሻል ያለው፣ ሁልጊዜ በአራቱም የሚሠራ ነበር። ከ2006 ሞዴል ወዲህ ያለው ግን በፍሪሲዮን የሚያያዝ ሆነ። መኪናው ላይ ያለው የመቆለፊያ ቁልፍ ፍሪሲዮኑን ጨምቆ ያቆየዋል፤ ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፍ ራሱ ይለቃል። ከዚህም ሌላ በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ ራቭ ፎር አለ፤ ስንቱ ገዢ ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቷል! ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት መኪናውን በክሪክ አስነሥተው ከሥሩ ይመልከቱ። በነዳጅ ብቻ በሚሠራ ራቭ ፎር ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግና በኋላ ጎማዎች መካከል ዲፈረንሻል ከሌለ፣ በላዩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ዋጋ የለውም።

መካኒክዎ ግን ያለምክንያት አልተናገሩም። በፍሪሲዮን የሚያያዘው ዓይነት ለዝናብ፣ ለኮረት መንገድና ለአጭር ጭቃ በጣም ጥሩ ነው፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ረጅም አሸዋ ላይ ግን ሳህኖቹ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፤ ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠሉ ብሎ ኃይሉን ይቆርጣል፤ ከዚያ በሁለት ጎማ ብቻ ይቀራሉ። እኔን ከጠየቁኝ፣ ጉዞዎ ሐረርና በዓመት ሁለት ጊዜ ቁልቢ ከሆነ ራቭ ፎሩ ይበቃዎታል። ወደ ሽንሌና ኤረር ገጠር አዘውትረው የሚወጡ ከሆነ ግን ግራንድ ቪታራዋን ይፈልጉ።

አድማጭ ከአወዳይ፦ ሃይሉክስ እነዳለሁ። ከደንገጎ ቁልቁል ስወርድ መኪናው እንዲይዝልኝ ብዬ አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ፣ ፎር ኤችን አስገባሁ፤ አስፋልቱ ደረቅ ነበር። ከተማ ገብቼ ለማቆም ስታጠፍ መሪው ከበደኝ፣ ጎማዎቹ ተንጫጩ፣ ማርሹም አልወጣ አለኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ገና አልተበላሸም፤ ከቀጠልክበት ግን ይበላሻል። ሃይሉክስ መካከለኛ ዲፈረንሻል የለውም። ፎር ኤች ስታስገባ የፊትና የኋላ ዘንግ እኩል ለመዞር ይገደዳሉ። መኪና ስትታጠፍ ግን ፊትና ኋላ እኩል መንገድ አይሄዱም። አስላው፦ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ያላት መኪና፣ የኋላው መካከል 5 ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ስትዞር የኋላው 31 ሜትር ከግማሽ ገደማ ሲሄድ የፊቱ ከ36 ሜትር በላይ ይሄዳል። ያ የ5 ሜትር ልዩነት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ያወጣዋል። ደረቅ አስፋልት ግን ጎማውን አጥብቆ ስለሚይዝ ውጥረቱ በዘንጉና በጥርሶቹ ላይ ይጠራቀማል። ማርሹን የያዘብህ ይኸው ነው። ቀጥ ብለህ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂድ፤ ውጥረቱ ሲላላ ይወጣል።

«እንዲይዝልኝ» ያልከው ደግሞ ብዙ ሾፌሮችን የሚያሳስት ነገር ነው። ፎር ዊል ሆነ አልሆነ፣ ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው። ደንገጎ ላይ የሚያድንህ ከባድ ማርሽ አስገብተህ በሞተር እየያዝክ መውረድህ ነው። ፍሬን ላይ ተኝቶ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ የጋለውን ፍሬን ሽታ ያውቀዋል።

አድማጭ ከከዚራ፦ ልጄ፣ ሱባሩ ፎረስተር አለችኝ። ጎሚስታው የፊት ሁለቱ ብቻ አልቀዋል ብሎ በአዲስ ቀየረልኝ። ከዚያ ወዲህ ስትታጠፍ ታጉረመርማለች።

መልስ፦ እናቴ፣ ጎሚስታው በፊት ጎማ ለምትሄድ መኪና ቢሆን ኖሮ ጥፋት አልሠራም ነበር። የእርስዎ ግን ሁልጊዜ በአራቱም የምትነዳ ናት። ዲያሜትሩ 66 ሴንቲሜትር የሆነ አዲስ ጎማና ጥርሱ በ6 ሚሊሜትር ያለቀ ጎማ አንድ ላይ ሲገጠሙ፣ ያለቀው በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 450 ዙር ገደማ ተጨማሪ ይዞራል። ከድሬ ሐረር ሳይደርሱ ማለት ነው! መካከል ያለው ዕቃ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ያለ ዕረፍት ሲሠራ፣ ሲግል ይውላል። ነገ ሳይሉ አራቱንም አንድ ዓይነት ያድርጓቸው፤ በእኔ ጋራዥ ከ2 ሚሊሜትር በላይ የጥርስ ልዩነት አልፈቅድም። ማጉረምረሙ ከዚያ በኋላ ካልጠፋ መካከሉ ተጎድቷል ማለት ነው፤ አስፈትሹት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ብትቆምብዎትም ሁለት ጎማዋ ተንጠልጥሎ ሁለቱ መሬት እየነካ እንዳትጎተት፤ አራቱም ተጭነው ይሂዱ።

አድማጭ ከነምበር ዋን፦ ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው፤ አይዲ ፎር። ሻጩ ባለ ሁለት ሞተሩን ውሰድ ይለኛል። ፎር ዊል ነው እንዴ?

መልስ፦ ነው፤ አሠራሩ ግን እስካሁን ካወራነው ይለያል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ባለ አንድ ሞተሩ አይዲ ፎር የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ባለ ሁለቱ ፊት ላይ ሌላ ሞተር ይጨመርለታል። በመካከላቸው ዘንግ የለም፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሞተር ኃይሉን ለየብቻ ይልካል፣ ይህንንም እጅግ በፍጥነት ያደርገዋል። ለእርጥብ አስፋልት ድንቅ ነው። ባትሪው ግን ከወለሉ ሥር ተነጥፏል፤ ስለዚህ ድንጋይ የበዛበት መንገድ ለእሱ አይደለም። ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትነዳው፣ ባለ አንዱን ውሰድና የተረፈህን ገንዘብ ጥሩ ጎማ ላይ አውለው።

አድማጭ ከመጋላ፦ ፕራዶ 150 አለኝ። ደቻቱ ወንዝ ላይ አሸዋው ያዘኝ፤ አንዱ ጎማ ብቻ በባዶ ይሽከረከር ነበር። ደግሞስ ውኃው ትንሽ ሲሆን ማቋረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ከውኃው ልጀምር። አያቋርጡ። የ1998 ዓ.ም የነሐሴ ዋዜማውን የጎርፍ ሌሊት የማያስታውስ ድሬ ውስጥ የለም፤ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው። የደቻቱ ውኃ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው፤ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። 30 ሴንቲሜትር የሚሆን ወራጅ ውኃ አብዛኛውን የቤት መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲሜትር ከሆነ ትልልቆቹንም ይወስዳል። መኪናው ከተንሳፈፈ ደግሞ ጎማው መሬት አይነካም፤ መሬት ያልነካ ጎማ አራትም ሆነ ሁለት ምንም አይሠራም። ድልድይ እያለ ነፍስዎን በአሸዋ ላይ አያስይዙ።

ስለ አሸዋው፦ ፕራዶዎ ቶርሰን የሚባል መካከለኛ ዲፈረንሻል አለው፤ በአዘቦቱ ኃይሉን 40 ለፊት፣ 60 ለኋላ ያካፍላል። ቶርሰን ኃይሉን የሚያሸጋግረው የሚንሸራተተው ወገን የቀረለትን የመሬት መያዣ እያባዛ ነው፤ አንዱ ጎማ ጭራሽ መያዣ ካጣ ግን የሚባዛው ነገር አይኖርም። ስለዚህ መካከለኛውን ቀድመው ይቆልፉ፤ የሚቆለፈውም ከመያዝዎ በፊት ነው። ቢቆለፍም በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ነፃ ስለሆነ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ በባዶ ሊዞሩ ይችላሉ፤ የኋላ መቆለፊያ ካለዎት ያኔ ይጠቀሙበት። ከሁሉ በላይ ግን ጎማዎን ያስተንፍሱ፦ የአየሩ ግፊት ከ30ዎቹ ወደ 20 ፒኤስአይ ገደማ ሲወርድ ጎማው ተዘርግቶ አሸዋው ላይ ይቀመጣል፣ አይቆፍርም። አስፋልት ሲደርሱ አየሩን ወዲያው ይሙሉ፤ በዚህ ሙቀት የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ከተነዳ ይፈነዳል።