ስልክዎ ላይ ያለው ቁጥር የስንት ሰዓት ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህኛው ፕሮግራም የደወላችሁት በሙሉ ስለ አንድ ነገር ጠይቃችኋል። የሆስፒታልና የድርጅት መረጃን በስልክና በታብሌት ስለማየት። በአየር ላይ ሰዓት አልበቃንም። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ መልሶቹን ሞላ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ደጋግሜ የመለስኳቸው አሉበት። ምንም አይደል፤ ዛሬም እመልሳቸዋለሁ።

የሽያጭ ኃላፊ ነኝ። ስልኬ ላይ የማየው የዛሬ ሽያጭ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። የትኛውን ልመን?

የትኛው ተሳሳተ ከማለትዎ በፊት ሰዓቱን ይዩ። ብዙ ዳሽቦርድ፣ ማለትም ቁጥሮችን ጠቅልሎ የሚያሳየው ስክሪን፣ ቁጥሩን በቀጥታ ከሽያጭ መመዝገቢያው አያመጣም። መረጃው መጀመሪያ ወደ ሌላ ማከማቻ ይገለበጣል። ይሄ የሚሠራው አንዳንድ ቦታ ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በየሰዓቱ ነው። ከዚያ ስልክዎም የራሱን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶ ስክሪን እንዳያሳይዎ። ስለዚህ ቁጥሩ እርስዎ ጋ እስኪደርስ ሁለት ቦታ ላይ ያረጃል። ሁለቱም ትክክል ሆነው ሰዓታቸው ብቻ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል።

«ዛሬ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃው የተቀመጠበት ዋናው ኮምፒውተር፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚቆጥር ከሆነ የእሱ ዛሬ ከእርስዎ ዛሬ ጋር እኩል አይጀምርም።

«መጨረሻ የታደሰው በዚህ ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ከሌለ የሠሩትን ባለሙያዎች ይጠይቋቸው። ሳያስገቡልዎ አይልቀቋቸው።

ነርስ ነኝ። የዋርዱን ታብሌት በአልኮል ብጠርገው ይበላሻል?

70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ባለው መጥረጊያ ቀስ ብለው ቢጠርጉት አብዛኛው ታብሌት ምንም አይሆንም፤ የአምራቹን መመሪያ ግን አንድ ጊዜ ይዩ። በረኪና አይንካው። ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲሄዱ ግን መጥረጉን አይርሱ፣ እህቴ።

ተረኛ ሐኪም ነኝ። የታካሚዎችን ውጤት ከአፑ ላይ ስክሪንሾት አንስተን በቴሌግራም ግሩፓችን እንለዋወጣለን። ስማቸውን እንሸፍናለን። ሥራ ያፈጥንልናል። ችግር አለው?

አለው። ዶክተር፣ እዚህ ላይ ረዘም ላደርገው ነው፤ ይታገሱኝ። ይሄን ጥያቄ ያላነሳ ፕሮግራም የለንም።

መጀመሪያ ምስሉ የት እንደሚሄድ እንከተለው። አፑ ውስጥ እያለ ፓስወርድ አለው፤ ማን እንዳየው ይመዘገባል። ስክሪንሾት ያነሱ ቀን ግን ከዚያ አጥር ወጣ። ከልጆችዎ ፎቶ ጎን ጋለሪ ውስጥ ተቀመጠ። ባክአፕ ከበራ ወደ ግል አካውንትዎ ተጫነ፤ በዚያው አካውንት በተከፈተው የቤት ታብሌት ላይም ወጣ። ግሩፑ ውስጥ 40 ሰው ካለ ይሄ ሁሉ በ40 ስልክ ላይ ሊደገም ይችላል። አምና ሥራ የለቀቀው ባልደረባችሁስ ከግሩፑ ወጥቷል? አሁኑኑ ዝርዝሩን ከፍተው ይዩ።

«ቴሌግራም እኮ ሚስጥር ይጠብቃል» የሚሉኝ አሉ። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚያደርገው ቁልፍ፣ የለውም። ያ ያለው ሁለት ሰዎች በሚከፍቱት ሚስጥራዊ ቻት ላይ ነው። እሱ ያለው አፕ ብትጠቀሙም ምስሉ ስልኩ ላይ መቅረቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ብዙ ሰው ስሙን የሚሸፍነው በስልኩ ማርከር ነው። አንዳንዱ ማርከር ብርሃን ያሳልፋል፤ ምስሉን ፈካ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ይነበባል። በደንብ ቢሸፈንም የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜና የገባበት ቀን ጥግ ላይ ይቀራሉ። ላታንያ ስዊኒ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት የፖስታ መለያ ቁጥር፣ የልደት ቀንና ጾታ ብቻ ተይዞ 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ አንድ በአንድ መለየት እንደሚቻል አሳይታለች። ስም አልነበረበትም። ሦስት ነገር ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ሰዓቱ። ስክሪንሾት አይታደስም።

አንድ ሆስፒታል ውስጥ ስሠራ ያየሁትን ልንገርዎ። ጠዋት የአንዲት ታካሚ ፖታሲየም 6.8 ሆኖ ወጣ። የልብን ምት የሚያዛባ ቁጥር ነው። ሐኪሙ ስክሪንሾት አንስቶ ግሩፑ ላይ ለቀቀው። ታካሚዋ ወዲያው ታከመች፤ ከሰዓት በኋላ ፖታሲየሟ ወደ ጤናማው 4.3 ወረደ። ማታ ፈረቃ ሲቀየር አንዱ ያንኑ ምስል ለአዲሱ ተረኛ ፎርዋርድ አደረገለት። መልእክቱ ላይ የሚታየው ደግሞ የተላከበት የማታው ሰዓት ነው። ተረኛው እየሮጠ መጣ። ፖታሲየም የሚያወርደው ኢንሱሊን ሲሪንጅ ውስጥ ገብቷል። ነርሷ ስልኩን ተቀብላ ምስሉን በሁለት ጣቷ አሰፋችው፤ ጥግ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የጠዋቱ ነው» አለች። ፖታሲየሟ የተስተካከለች ሴት ያንን መርፌ ብትወስድ ፖታሲየሟም ስኳሯም ይወርድ ነበር። ሲሪንጁን ሲያስቀምጠው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ምስል አይላኩ። «የ12 ቁጥሩን ታካሚ ውጤት ክፈት» ብለው ይጻፉለት፤ ባልደረባዎ በራሱ ፓስወርድ ገብቶ የአሁኑን ይይ። አፑን መክፈት የማይችል ከሆነ ይደውሉለት። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ይንገሩት፣ እሱም ደግሞ ይመልስልዎ። ያለዎትን የድሮ ምስል ዛሬ ማታ ከጋለሪም ከባክአፑም ያጥፉ። ሥራ የሚያፈጥን ነገር እንደሚያስፈልጋችሁ ይገባኛል፤ በሌሊት ተረኝነት ደክሟችሁ እንደምትሠሩም አውቃለሁ። ለዚህ ተብሎ የተፈቀደ የመልእክት መላላኪያ እንዲሰጣችሁ አስተዳደሩን በጽሑፍ ጠይቁ።

የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ስልኬ ላይ የአንድ ዋርድ አማካይ የቆይታ ጊዜ 8 ቀን ይላል። ኃላፊዋን ጠርቼ ተቆጣሁ። እሷ ደግሞ «ሰው በ2 ቀን ነው የምንሸኘው» አለችኝ።

እሷ ልክ ልትሆን ትችላለች። 10 ታካሚ እንውሰድ። ዘጠኙ 2 ቀን፣ አንዱ 62 ቀን ተኙ። ድምሩ 80 ነው፤ ለ10 ሲካፈል 8 ይመጣል። 8 ቀን የተኛ ሰው ግን አንድም የለም። በተርታ ቢደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው 2 ነው። ስልክ ላይ ቦታ ስለሚጠብ አንዱን ቁጥር ብቻ አግዝፈው ያሳዩናል። ከመቆጣትዎ በፊት ቁጥሩን ነካ ያድርጉትና ከሥሩ ያለውን ዝርዝር ይክፈቱ። «ሞት 100 በመቶ ጨመረ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ቢመጣብዎትም እንደዚሁ፤ ከ1 ወደ 2 ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ነፍስ ናቸው፤ ግን የአንድ ሳምንት ቁጥር ስለ ዋርዱ አይፈርድም። ኃላፊዋንም ይቅርታ ይጠይቋት።

አፑ በቀን ስንት ጊዜ ያንጫርራል። ሁሉንም ኖቲፊኬሽን ዘጋሁት። አጠፋሁ?

ሁሉንም መዝጋቱ አደገኛ ነው፤ ሁሉንም መክፈቱም እንደዚያው። ማንቂያ ሲበዛ ጆሮ ይለምደዋል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ጉዳይ ለሆስፒታሎች የተለየ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሲመጣ ተነስተው የሆነ ነገር የሚያደርጉበትን ብቻ ያስቀሩ። ሌላው በቀን አንድ ጊዜ ተጠቃልሎ ይምጣ። በተቆለፈ ስክሪን ላይ ደግሞ ዝርዝሩ አይታይ፤ ስልክዎ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ጎረቤትዎም ያነባል።

ዳሽቦርድ መሥራት የጀመርኩ ወጣት ነኝ። ጥሩውን በአረንጓዴ፣ መጥፎውን በቀይ አደረግኩ። ይበቃል?

አይበቃም፣ ልጄ። ሁለቱን ቀለም መለየት የሚያቅታቸው ብዙ ናቸው። ትውልዳቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ እንደዚያ ነው። ቀስት ወይም ቃል ጨምርበት። ሰዓቱንም ጻፍበት፤ ደቃቅ አድርገህ ጥግ ላይ ሳይሆን ከቁጥሩ ሥር።

የሲቲ ስካን ምስል በስልክ አይቶ መወሰን ይቻላል?

የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 እንደ ሲቲና ኤምአርአይ ያሉ ምስሎችን በሞባይል ለማየት የሚያስችል የመጀመሪያውን አፕ ሲፈቅድ፣ ዋናው የማንበቢያ ኮምፒውተር በማይገኝበት ጊዜ ብቻ ብሎ ነው። እኔም የምለው ያንኑ ነው። የመጨረሻውን ንባብ ራዲዮሎጂስቱ በትክክለኛው ስክሪን ይሥራው።

የእናቴ የስኳር ምርመራ በአንዱ አፕ 126፣ በሌላው 7 ይላል። ደንግጠናል።

አንድ ናቸው። አንዱ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ነው የሚለካው። 7 በ18 ሲባዛ 126 ይሆናል። ቁጥር ስታዩ መለኪያውንም እዩ። ግን በባዶ ሆድ የተወሰደ ከሆነ 126 ስኳር በሽታ የሚባልበት መነሻ መስመር ነው። በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። አፑን ዝጉና ሐኪም ጋ ውሰዷት።

የሥራ ስልኬ ትናንት ጠፋ። አፑ ፓስወርድ ስላለው ከእረፍት ስመለስ ለአይቲ ክፍል እነግራለሁ ብዬ ነው። ይቆያል?

አይቆይም! ቅድም ያልኩት ቅጂ ስልኩ ውስጥ አለ። ስልኩ ውስጥ ያለውን መረጃ ከርቀት መሰረዝ የሚቻለው ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ያገኘው ሰው ሲሙን አውጥቶ ከጣለው ትእዛዙ ላይደርስ ይችላል። የእርስዎን መግቢያ ሰርቨሩ ላይ መዝጋት ግን አሁኑኑ ይቻላል። ማንም አይቆጣዎትም፤ ቢቆጡዎትም ይቆጡ። ማንበቡን እዚህ ያቁሙና ይደውሉላቸው።