ወራጅ አለ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከታፈነባችሁ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እየቀዳሁ ስለሆነ ነው። ጎረቤት ሠርግ አለ፣ ድንኳኑ ከመስኮቴ ሥር ነው የተተከለው።

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ለኢንተርንሺፕ ከክፍለ ሀገር ልትመጣ ነው፣ «አዲስ አበባ ስመጣ የት የት ልሂድ?» ትላለች። ዝርዝር ልጽፍላት ጀመርኩና ግማሽ ላይ ተውኩት። እኔም ዝርዝር ይዤ ነበራ የመጣሁት! 2017 ላይ ነው፣ ሲቪል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ሆኜ፣ ከጎንደር። ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ድንቅነሽ፣ ዓድዋ ሙዚየም፣ እንጦጦ፣ መርካቶ፣ አንድነት ፓርክ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምንሠራ በየእሑዱ አንድ አንድ ልጨርስ። ልክ ለፈተና ምዕራፍ እንደሚሸፈነው።

ያረፍኩት አክስቴ ጋ፣ አያት ኮንዶሚኒየም። ቢሮው ሜክሲኮ። ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ስለሚሄድ ሲያወሩት ቀላል ነው። ግን እስኪመጣ ድረስ ሰልፉ ጣቢያውን አልፎ ይሄዳል፤ ሁለት ቀን አረፈድኩና ወደ ታክሲ ዞርኩ። ታክሲ ደግሞ የራሱ ቋንቋ አለው። ወያላው «ፒያሳ በአራት ኪሎ!» ሲል መድረሻው ፒያሳ ነው፣ አራት ኪሎ መንገድ ላይ ያለ ነው። ይቺን «በ» የምትባል ነገር ማንም አልነገረኝም። ከሷ የባሰው ግን «ወራጅ አለ» ማለት ነው። ጎንደር ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩን ትከሻውን ነካ አድርጋችሁ «እዚህ ጋ» ትላላችሁ፣ አለቀ። እዚህ ግን አስራ ምናምን ሰው መሀል፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ ድምፅ አውጥቶ መጮህ! አልወጣልኝም፣ እውነቴን ነው።

የመጀመሪያው እሑድ ድንቅነሽን ለማየት ወጣሁ። አራት ኪሎ ወርጄ ወደ አምስት ኪሎ በእግሬ ልሄድ ነበር ሐሳቤ። ከመገናኛ ተሳፈርኩ፣ አራት ኪሎ ደረስን፣ ሐውልቱን በመስኮት አየሁት፣ «ወራጅ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ ታክሲውም ይዞኝ ሄደ። «መጨረሻ!» ሲል ነው የወረድኩት። ፒያሳ።

እንግዲህ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ እኛም ፒያሳ አለን። ጣሊያን የሠራው ፖስታ ቤት አለ፣ ሲኒማው አለ፣ ካፌው አለ። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ፒያሳ የኛን አስር እጥፍ አድርጌ ነበር በአእምሮዬ የሣልኩት። ከፊቴ ያለው ግን አጥር፣ ገልባጭ መኪና፣ ሰፊ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ ከወዲያ ደግሞ የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያ። ወያላውን «ፒያሳ የትኛው ነው?» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይኸው ቆመሽበት» ብሎ ወደ ጥሪው ተመለሰ።

ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ በእግሬ ወጣሁ፣ ወደ ስድስት ኪሎ። ድንቅነሽን አየኋት፤ 1967 ላይ ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናት። ያልጠበቅኩት ማነሷን ነው። ቆማ ብትሄድ ወገቤ ጋ ነው የምትደርሰው። የምናየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎበታል።

የቀኑ ነገር ግን ከሷ ቀጥሎ ነው የመጣው። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት። ከሕንፃው ፊት ለፊት ሜዳ ላይ የቆመ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ወደ የትም አይወስድም! ተማሪ ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት «ሕንፃው ፈርሶ ደረጃው ቀርቶ ነው» ብዬ ነው። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። አሁን ጫፉ ላይ የኛ አንበሳ ተቀምጧል። ትንሽ አንበሳ፣ ምንም ሳይመስለው።

እዚያው ግቢ ውስጥ ነው እኮ የካቲት 12 ቀን 1929 ሞገስ አስገዶምና አብርሃ ደቦጭ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በከተማው የሆነውን ታውቃላችሁ፣ ሐውልቱ ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ ቆሟል። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ሥሩ ተቀምጠው ቆሎ ይበላሉ። እኔም ተቀምጬ በላሁ፣ ቅር አላለኝም።

ማክሰኞ ቢሮ ይህን ሳወራ፣ ጋሼ የምንላቸው አሮጌ ድራፍትስማን ሳቁብኝ። «ደረጃው ገረመሽ? አፍሽ ውስጥ ያለውስ?» አሉ። ፒያሳ የጣሊያን ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለት ድርጅት ስም ነው፣ «ካዘ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች። ለገሃር ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያ። ሃያ ሁለት የአውቶቡስ ቁጥር ነው ይላሉ። እኛ የምንሠራበት ሜክሲኮ ደግሞ ወረራውን አልቀበልም ላለችው ሀገር የተሰጠ ምስጋና፤ እነሱም ከተማቸው ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ይሄን ሁሉ በየቀኑ ወያላ ይጮኸዋል፣ ማንም አይሰማውም። እኔም ዘወትር የምሰማው ሳንቲም ስጠብቅ ነበር። ያን ሰሞን ካዛንቺስም እየፈረሰ ነበር።

ማታ ለአክስቴ «ፒያሳ ሄጄ ፒያሳን አጣሁት» አልኳት፣ ለቀልድ። አልሳቀችም። ለካ ያደገችው እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው፣ ወደ አያት የመጡት ሰፈሩ ሲነሳ ነው። እኔ ደግሞ ይሄን አላውቅም፣ በቤተሰባችን «አዲስ አበባ ያለችው አክስትሽ» ብቻ ነች። ቡና እያፈላች ነበርና ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ትደረድራቸው ጀመር። «ጀበናው ጊዮርጊስ ይሁን። ይቺ ወርቅ ቤቶቹ። ይቺ የኛ በር። እዚህ ጋ ሽንት ቤቱ፣ ለስንት አባወራ መሰለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ወረፋ ነው።» ቀና ብላ ደግሞ «አሁን የራሴ አለኝ፣ ውሃም ሲመጣ ይመጣል፣ አልዋሽም» አለች። ቀጥላ ግን የጎረቤቶቿን ስም በየሲኒው ጠራች፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዷ ገላን ደርሳለች። እኔ ምን እላለሁ? ነገ የምመረቅበት ሙያ የፈረሰ ቦታ ላይ መሥራት ነው። ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ፣ ሲኒዬን ሳነሳ የሆነ ሰው ቤት ያነሳሁ መሰለኝ።

ሌላውን ላሳጥረው። መርካቶ ገብቼ ስልኬን ይዤ ወጣሁ፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እንጦጦ በረደኝ። አንድነት ፓርክ ለኢንተርን ኪስ አይመችም፣ ወላጅ ሲመጣ ይደረሳል።

የመጨረሻው እሑድ አክስቴ «ጊዮርጊስ ልሳለም ነው፣ ነይ» አለችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በመገናኛ፣ በአራት ኪሎ። መንገድ ላይ ስለ ምኒልክ ሐውልት ነገረችኝ፤ ጣሊያን ነቅሎ እንደቀበረውና ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ጊዮርጊስ ፊት እንደቆመ። ድልድዩን አለፍን፣ ዳገቱን ወጣን። በመስኮት የሚታየው አጥርና የተከመረ አሸዋ ነው። እሷ ግን ቦርሳዋን ሰብስባ ተነሳች፣

«ዶሮ ማነቂያ ጋ ወራጅ አለ!»

ወያላው ቀና ብሎ እንኳን አላየም። የታክሲውን ጣሪያ ሁለቴ መታ መታ አደረገ፣ ሾፌሩ ጥግ ያዘ፣ በሩም ተከፈተ።