የት ላስጣው ታዲያ?

እንዴት ሰነበታችሁ? የእህቴን ሰርግ ክፍል ሁለት ቃል ገብቼላችሁ ነበር። እሱ ለሚቀጥለው ይቆየን። ከባህር ዳር ይዤው የመጣሁት ነገር አለ፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ጣና ዳር አንድ ላውንጅ ተቀምጠናል። አባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ብዙም አይርቅም። ሳሩ ተከርክሟል፣ ዳሩ በድንጋይ ተገንብቷል። አሳ ጥብስ አዘናል። አንድ ሽማግሌ በታንኳ መጡና ድንጋዩን ተጠግተው ወረዱ። ታንኳውን ጎትተው ሊያወጡት ሲሉ ጥበቃው ሮጦ ደረሰ። ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው።

«አባባ፣ እዚህ አይቻልም።»

«የት ላስጣው ታዲያ ልጄ?»

አልተቆጡም እኮ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የምር መልስ ፈልገው ነው የጠየቁት። ልጁ ዝም አለ። ከዛ ዞር ብሎ ወደኛ አየ። ወደኔ። እኔ ስልኬን አየሁ።

ታንኳ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው የሚሠራው፣ ታውቃላችሁ። ውሃ ይጠጣል። ከውሃ አውጥተው ካላሰጡት ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ማስጫ ዳርቻ ከሌለ ታንኳም የለም። ደንገሉም ቢሆን እየተመነጠረ ነው፣ ለእርሻውም ለግንባታውም። አሳ የሚራባበት፣ ደለሉን የሚያስቀረው እሱ ነው። የጣና ዳር ታንኳ ሠሪዎቹ ነገደ ወይጦዎች ስንት ትውልድ የኖሩበት ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ያኔ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር! በእንቦጩ ስንናደድ የነበርን ሰዎች ነና።

ትንሽ ልጅ ሆኜ ጢስ አባይን የማውቀው ከ1 ብር ኖት ጀርባ ነበር። በኋላ ወስደውኝ ሳየው ቀጥኗል። ውሃው ለመብራት ማመንጫ ተወስዷል። ያኔም በማን እንደምናደድ አላወቅኩም፣ መብራቱን እኔም አበራለሁ። ለምን ይሄን አነሳሁት… አዎ፣ አሁንም እንደዛው ነው። አሳውን የበላሁት እኔ ነኝ። ጥበቃው ደሞዝ የሚያገኘው እኔ ስለሄድኩ ነው። በኮሮናና በጦርነቱ እንግዳ ሲጠፋ የጀልባ ነጂዎቹ ቤት ምን እንደገባ አይተናል። ሆቴል አይሠራ ልል አልችልም። አልልም።

ግን አንድ ሜትር? ለአንድ ታንኳ የሚሆን ቦታ መተው ያን ያህል ይከብዳል? እኛ ልጆች ሆነን ዳርቻው የማንም አልነበረም። እናቴ ልብስ ስታጥብ ጎኗ አሳ ይጸዳል፣ ወዲያ ታንኳዎቹ ቆመው ውሃቸው ይንጠፈጠፋል። አሁን ሐይቁን ለማየት ቢያንስ ሻይ ማዘዝ አለብህ። ደግሞ ያ ሻይ… ተዉት። የሻዩ ዋጋ አይደለም ነገሩ።

ተነስቼ «ትንሽ ይቆዩ፣ ምን ችግር አለው?» ብል ኖሮ፣ ልጁ ከሥራው ይባረር ነበር? ወይስ እሱም ይሄን ብቻ ነበር የሚጠብቀው? ዓይኑ እንደዛ ይመስለኛል። እኔ እንጃ።

ሽማግሌው ታንኳውን መልሰው ገፉት። ድንጋዩ ላይ ውሃው ቅርፁን ይዞ ቀርቶ ነበር። ሂሳብ እስኪመጣ ደረቀ። ወደ ድልድዩ በኩል ነው የቀዘፉት። በዛ በኩል ግን… ቆይ፣ በዛ በኩል ክፍት የሆነ ዳርቻ አለ እንዴ?