ስፒከሩን ልሽጠው ወይስ ላስጠግነው?

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሴ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ውሳኔ ነው። ቤቴ ያለውን የሙዚቃ ሲስተም ሸጬ በአዲስ ልቀይረው? ወይስ እሱኑ ላስጠግነው?

መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቃችሁ። መሬት ላይ የሚቆሙ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች፣ ወገብ የሚፈትን ከባድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ሲዲ ማጫወቻና አንድ ሸክላ ማጫወቻ ናቸው። አዲስ አበባ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ የውጭ አገር ሰው ነው የገዛሁት። ከደመወዜ እየቆጠብኩ። ያኔ ውድ ነበር። ዛሬም እንደዋዛ የሚታይ ዕቃ አይደለም።

ችግሩ የጀመረው በግራው ስፒከር ነው። ቤዝ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ሲመጣ ይንኮሻኮሻል። በዚህ መሀል አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ደወለ። «አሮጌውን የሚገዛህ ሰው አለ። ጨመር አድርገህ ያለ ገመድ የሚሠራ አዲስ ሲስተም ውሰድ። ከስልክህ ሆነህ ታዘዋለህ» አለኝ። ፎቶውንም ላከልኝ። ቀጠን ያለ፣ የሚያምር ነገር ነው። ልቤ ሄዶ ነበር።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም የምትኖሩበት ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ያኔ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ፣ ቀረጡና 15 በመቶው ቫት ሳይጨመር፣ 57,000 ብር ገደማ ይመጣ ነበር። የዛሬውን ራሳችሁ አስሉት። «ጨመር አድርገህ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ብዙ ብር አለ።

ግን ገንዘቡ ባይከብደኝስ ኖሮ? ጥያቄውን እንደዚያ አድርጌ ነው ለራሴ ያቀረብኩት። ልቀይር ወይስ አልቀይር ከማለቴ በፊት፣ ከዚህ ሲስተም ምን እየጎደለኝ ነው? ጉድለትን ለማወቅ ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል። የሻጭ ወረቀት መለኪያ አይሆነኝም። እኛ ጎጃም ያደግን ሰዎች ከዚያ የተሻለ መለኪያ አለን ብዬ አምናለሁ። ያለ ስፒከር የሚሰማ ድምፅ ጠግበን ነው ያደግነው። በጥምቀት ታቦታቱን አጅቦ ወደ ጣና ዳር የወረደ ሰው የከበሮን ድምፅ ማንም አያስተምረውም። በሰፊው አፉ ሲመታ ሆድ ድረስ ይገባል። በጠባቡ አፉ ሲመታ ደረቅና ፈጣን ነው። የጽናጽሉን ጥራት፣ የመሪጌታዎቹን የጉሮሮ ስፋት፣ የማሲንቆውን የፈረስ ጭራ ፍትጊያ በጆሯችን ይዘነዋል። እንግዲህ ስፒከር የሚፈተነው በዚህ ነው። ያንን ድምፅ ይመልስልኛል ወይስ አይመልስልኝም?

እናም መቅጃ ከያዙ ወዳጆቼ ያገኘኋቸውን ቅጂዎች እያወጣሁ ማዳመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ በገና ከፈትኩ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አገኘሁ። በገና 10 አውታሮች አሉት። አውታሮቹ በሚያርፉበት ቦታ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያንን እዝዝ የሚል ድምፅ ያወጣል። በዐቢይ ጾም የምናውቀው ድምፅ እሱ ነው። ታዲያ የተበላሸው ስፒከሬ በበገናው ውስጥ ተደበቀብኝ! ንዝረቱ የበገናው ይሁን የስፒከሩ መለየት አቃተኝ። በግራ አዳመጥኩ፣ በቀኝ አዳመጥኩ። ሁለቱም ያምራሉ። ከበሮ ስከፍት ግን ግራው ተጋለጠ። ከበሮ ንጹሕ ነው፤ ከምቱ በኋላ ዝም ይላል። ከዝምታው ውስጥ ኮሽታ ከተሰማ የስፒከሩ ነው። ስፒከር የምትፈትሹ ከሆነ ከበሮ ተጠቀሙ። በገናን ለሌላ ነገር እንፈልገዋለን፤ እሱን ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ እዚሁ ከተማ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ባለሙያ ቤት ሄድኩ። ጋሼ የስፒከሩን መረብ አወጡና ዎፈሩን፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣውን ትልቁን ክፍል፣ ዙሪያውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። የዎፈሩን ወረቀት ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው የስፖንጅ ቀለበት እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። «ልጄ፣ ስፒከርህ አልሞተም። ቀለበቱ ነው ያለቀው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነት ቀለበት ከፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ነው የሚሠራው። ስፖንጁን አየሩ፣ እርጥበቱና የፀሐይ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ይበሉታል። ብታጫውቱትም ባታጫውቱትም ከዓመታት በኋላ ይፈርሳል። ከጎማ የተሠራው ብዙ ይቆያል። የእኔ የስፖንጅ ነው። ሐይቅ ዳር ደግሞ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። ማግኔቱ ግን ደህና ነው። ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅልል ደህና ነው። ወረቀቱም አልተቀደደም። አዲስ ቀለበት በልኩ ተገዝቶ በሙጫ ይለጠፋል። ሲለጠፍ ጥቅልሉ መሀል ላይ መቆም አለበት፤ ካዘነበለ ማግኔቱን ይፈትገዋል። ጋሼ የሁለቱንም ስፒከር አንድ ላይ እንድቀይር መከሩኝ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ቤዙ እኩል አይመጣም። አምፕሊፋየሩንም ከፍተው አዩልኝ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ አላበጡም። «ቡፌ ውስጥ አትቆልፍበት፤ ይተንፍስ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ካፓሲተር ሙቀት አይወድም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። የመጋቢትና የሚያዝያን የባሕር ዳር ሙቀት አስቡት።

ኮሽታው ታወቀ። ግን ሌላም ቅሬታ ነበረኝ፤ ደህና በሆነው በቀኙም ጭምር። ቤዝ ጊታር ሲጫወት አንዳንዱ ድምፅ ያጎራል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። ይሄ ነው ለአዲስ ዕቃ ልቤን ያነሳሳው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው።

ሳሎኔ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ4 ሜትር ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለ፣ ማለትም በሰከንድ 43 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ሲመላለስ ራሱን እያጎለበተ ይቆማል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። ተገናኙ ማለት ነው። የክፍሉ አራቱም ጎን እኩል ስለሆነ ደግሞ በርዝመቱም በወርዱም ያው ድምፅ ይደራረባል። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ቤዙ ያደነቁረዋል። መሀል ላይ የተቀመጠው ደግሞ ያ ድምፅ ይጠፋበታል። ይህን የሚያደርገው ክፍሉ ነው። የፈለጋችሁትን ውድ ስፒከር አምጡ፣ እዚሁ ክፍል እስከገባ ድረስ ይሄው ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ስፒከሮቹን ከጥግ አወጣኋቸው። ሶፋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግሁት። ባለቤቴ መጀመሪያ «ይሄ ሳሎን ነው ወይስ ስቱዲዮ?» ብላ ነበር፤ በኋላ ግን አብራኝ ገፋችው። ሴራሚክ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ጣልን። መስኮቱ ላይ ከበድ ያለ መጋረጃ ሰቀልን። የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ቀጭኑን ድምፅ እያንጫጩ ይመልሱታል፤ ጨርቅ ያረጋጋዋል። አሁን በገናውን መልሼ ከፈትኩ። ለዚህ ነው ያቆየሁት። የእያንዳንዱ አውታር ንዝረት ከሌላው ተለይቶ ይሰማል። የተጫዋቹ ትንፋሽ ይሰማል። ደስታዬን መናገር ይከብደኛል፤ ባለቤቴም ሥራዋን ትታ መጥታ ተቀመጠች።

ወዳጄ ስለ ዋትም፣ ስለ ሲስተሙ ኃይል፣ አውርቶኝ ነበር። አዲሱ የአሮጌውን እጥፍ ዋት አለው። የዋት እጥፍ ግን በድምፅ መጠን መለኪያው በዴሲቤል 3 ብቻ ነው የሚጨምረው። ለጆሯችን እጥፍ መስሎ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ ይፈልጋል፤ ያ ማለት አሥር እጥፍ ዋት ነው። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አላደክማችሁም።

ይልቅ በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ የሚያምረው አዲስ ሲስተም በኢንተርኔት ነው የሚኖረው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን ውስጥ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። እነዚያን ምሽቶች ሲዲውና ሸክላው ነበሩ ቤታችንን ያሞቁት። ማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። መብራት ካለ ይሠራሉ። ሌላም አለ። ገመድ አልባ ስፒከር የሚሠራው ኩባንያ ሶኖስ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አንዳንድ የቆዩ ምርቶቹ ከዚያው ዓመት ግንቦት ጀምሮ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንደማያገኙ አስታውቆ ነበር። ዕቃዎቹ አልተሰበሩም፣ ድምፃቸውም አልተበላሸም። ዕድሜያቸውን የወሰነው ሶፍትዌሩ ነው። የእኔን ስፒከር ግን ጋሼ በሙጫ ያድኑታል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም የጀመራቸው ዓይነት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬም መርፌ ሲያርፍባቸው ይዘፍናሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ማክበር ይገባል እላለሁ።

የአዲሱ ጥሩ ጎን የለም ማለቴ አይደለም። ልጆቼ ከስልካቸው ማጫወት ይፈልጋሉ፤ መብታቸው ነው። ለዚያ ግን ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ገዝቼ ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ባዶ መግቢያ ላይ እሰካለሁ። በቃ።

የምቀይርበት ቀን ሊመጣ ይችላል። የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ፣ ወይም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ሞቶ ምትክ ከታጣ፣ አልከራከርም። እስከዚያ ድረስ ስታብላይዘር አለኝ። መብራት ሲጠፋም ማብሪያውን አጠፋለሁ፤ ተመልሶ እስኪረጋጋ አልነካውም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራት በሚመጣባት ቅጽበት ነው።

ለወዳጄ ደውዬ አመስግኜዋለሁ፤ ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ነግሬዋለሁ። የቀለበቶቹን ልክ ከጋሼ ጋር ለክተን ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ልከናል። ሲደርሱ ሁለቱንም ስፒከር ይዤ ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ። አሠራራቸውንም ራሳቸው እንዲነግሩን ማይክራፎኔን ይዤ ነው የምሄደው። ደህና ሰንብቱ።