የኦስትሪያዋ ማርጋሬት፦ ሦስቴ ተድራ አራተኛውን እምቢ ያለችው

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኦስትሪያዋ ልዕልት ማርጋሬት ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1480 ብራስልስ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ከሀፕስበርግ ንጉሣዊ ቤተሰብ የሆነው ማክሲሚሊያን ነው፣ እናቷ ደግሞ የበርገንዲ ወራሽ ማሪ። እናትየው ከፈረስ ወድቃ ስትሞት ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ለፈረንሳዩ አልጋ ወራሽ ለቻርልስ ተሰጠች። ሦስት ዓመቷ ነው! አርቷ እና ፍራንሽ ኮንቴ የሚባሉ ግዛቶችም አብረዋት ተሰጡ። የሰላም ውል ማሰሪያ ሆነች ማለት ነው። አምቧዝ ቤተ መንግሥት ውስጥ የነገዋ ንግሥት እየተባለች አደገች።

በ1491 ቻርልስ ሌላ ሴት አገባ። ያገባትም የብሪታኒዋን አንን ነው፤ ብሪታኒ ዛሬ የፈረንሳይ ምዕራባዊ ክፍል ነው፣ ብሪታንያ አይደለም። አን ደግሞ ከማርጋሬት አባት ጋር በውክልና፣ ማለትም እሱ ሳይገኝ በተወካዩ በኩል፣ ተጋብታ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ባልሽ ነው የተባለው ሰው አንቺን ትቶ እንጀራ እናትሽን ሲያገባ! ልጅቷ ገና 11 ዓመቷ ነው። ወዲያው ወደ አባቷም አልመለሷትም። እሷን መመለስ ማለት መሬቱንም መመለስ ነበርና እስከ 1493 እዚያው አቆዩአት። እኔን ከክህደቱ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ንግሥትነቱ ቀርቶ መያዣ አደረጓት።

በ1497 ደግሞ ለስፔኑ ልዑል ለኹዋን ተዳረች። በባሕር ስትጓዝ ከባድ ማዕበል ተነሳባቸው። ያኔ ለራሷ መቃብር ግጥም ጻፈች ይባላል፤ ሁለት ባል አግብታ በድንግልና የሞተች ማርጎ እዚህ አረፈች የሚል። የ17 ዓመት ልጅ ናት፣ ሞት ፊቷ ቆሞ እንዲህ ትጽፋለች። ቡርጎስ ላይ ተጋቡ፣ በስድስት ወሩ ኹዋን ሞተ። ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁም ሞቶ ተወለደ።

ሦስተኛው የሳቮይ መስፍን ፊሊበርት ነው፣ በ1501። እኩያዋ ነበር፤ እሱን ወደደችው። ግን በ1504 ከአደን መልስ ታሞ ሞተ። ለእሱ ብላ ብሩ በሚባል ቦታ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ ቆሟል። ሁለቱም እዚያ ነው የተቀበሩት።

በ24 ዓመቷ መበለት ሆነች። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ጠየቃት፣ አባቷም ወተወታት። እምቢ አለች። ደግማም አላገባችም።

ከ1507 ጀምሮ ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ባለችው ሜኸለን ከተማ ተቀምጣ ኔዘርላንድስን አስተዳደረች፤ ያኔ ኔዘርላንድስ ሲባል የዛሬዋን ቤልጂየምንም ይጨምራል። የሟች ወንድሟን ልጆችም አሳደገች፤ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ቻርልስ አምስተኛ አንዱ ነው። ይሄ ቻርልስና የፈረንሳዩ ፍራንሷ ሲዋጉ፣ በ1529 ካምብሬ ላይ ያስታረቋቸው ማርጋሬትና የፍራንሷ እናት ሉዊዝ ናቸው። ሉዊዝ የፊሊበርት እህት ናት። ሁለቱ የሚተዋወቁት ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። የሴቶቹ ሰላም ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አይወጣም። ካሳደገቻቸው ልጆች አንዷ ኢዛቤላ ናት። በ1514 ለዴንማርኩ ንጉሥ ለዳግማዊ ክርስቲያን በውክልና ስትዳር 13 ዓመት እንኳ አልሞላትም። ውሳኔው የማክሲሚሊያን ነበር፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስት ዓመቷ ላይ የተሰጠችው ማርጋሬት ያንን ሠርግ እንዴት ቆማ አየችው? አዝንባታለሁ። ወዲያው ደግሞ አዝንላታለሁ። የኢዛቤላ ባል ውሽማ ነበረው፣ በ1523 ደግሞ ከዙፋኑ ወረደ። ኢዛቤላ ሦስት ልጆቿን ይዛ ተሰደደች፣ በ1526 በ24 ዓመቷ ሞተች። ልጆቿን ተቀብላ ያሳደገቻቸው ማርጋሬት ናት።