«ገንዳው እንደ ሻይ ሞቀብን»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ጁላይ ሲገባ የፕሮግራማችን ስልክ አያርፍም። ጥያቄው ሁሉ ስለ ጓሮ መዋኛ ገንዳ ነው። አይፈረድም። በ2024 ጁላይ 7 ቀን ከተማችን 120 ዲግሪ ፋራናይት ገብታለች፤ በሴልሺየስ ወደ 49 መሆኑ ነው። በዚህ ሙቀት ውሃውም አብሮ ይሞቃል። በስልክ የመለስኳቸውን ላልሰማችሁ ጽፌዋለሁ።

ገንዳችን 94 ዲግሪ ፋራናይት ደረሰ። ልጆቹ «ይሄ ሻይ ነው» ብለው አንገባም አሉ። ምን ይሻላል? (ከሄንደርሰን፣ አንዲት እናት)

እናቴ፣ እንስራን ያስታውሱ። የሸክላ እንስራ ጥላ ስር ሲቀመጥ ላዩ ያልበዋል። ያ ላብ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ገንዳም እንደዚያው ነው። ፏፏቴ ወይም ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ ቱቦ ካለዎት ሲመሽ ይክፈቱት፣ ጎህ ሲቀድ ይዝጉት። ፓምፑም ሌሊት ይሥራ። ቀን ላይ ፀሐዩና ትኩሱ አየር መልሰው ያሞቁታል። የበረሃችን አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይተናል። 15,000 ጋሎን በሚይዝ ገንዳ ወደ 15 ጋሎን ሲተን ሙቀቱ በግምት አንድ ዲግሪ ፋራናይት ይወርዳል።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ውሃው ስለሚጎድል ከስኪመሩ (ከላይ ውሃውንና ቆሻሻውን ወደ ፓምፑ ከሚስበው ቀዳዳ) አፍ በታች እንዳይወርድ ይሙሉት፤ አለዚያ ፓምፑ አየር ይስብና ይቃጠላል። ውሃ ሲረጭ ደግሞ ፒኤቹ (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር) ከፍ ይላል። በሳምንት ሁለቴ ይለኩት፣ ከ7.8 አይለፍ። እና ማታ ወደ ጓሮ ወጥተው ሲመለሱ የአጥሩን በር ይዝጉ።

በረዶ ገዝቼ ብጨምርበትስ?

አይሆንም ወንድሜ። በዚያው 15,000 ጋሎን ላይ አንድ ዲግሪ ለመቀነስ ባለ 10 ፓውንዱ ከረጢት ከ60 በላይ ይፈልጋል።

ፀሐይ እንዳያገኘው ሰማያዊውን ባለ ፊኛ ፕላስቲክ ቀን ቀን አለብሰዋለሁ። ልክ ነኝ?

አውልቂው እህቴ። እሱ የተሠራው ውሃ ለማሞቅ ነው። መትነኑንም ይከለክላል፣ ስለዚህ በሁለት በኩል ነው የሚጎዳሽ። ጥላ ከፈለግሽ ከፍ ብሎ የሚወጠር ሸራ አስተክዪ፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን የምዕራብ ፀሐይ እንዲከልል ይሁን። ደግሞ ያ ፕላስቲክ ልጅ አይሸከምም። ሕፃን ከረገጠው ይሰምጥና ከላይ ይዘጋበታል። የልጅ መከላከያው በር የሚዘጋ አጥር ነው።

ትልቅ ቬንትሌተር በኤክስቴንሽን ስቤ ገንዳው ዳር አቁሜያለሁ። ውሃው በእርግጥ ቀዝቅዟል።

ነፋሱ እንደሚያቀዘቅዝ አምናለሁ። ግን ዛሬውኑ ንቀለው። እርጥብ እግር፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ መሬት ላይ የተጋደመ ገመድ፤ ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። ጓሮ ውስጥ ኤሌክትሪክ የምትፈልግ ከሆነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥራ።

ማታ ማታ የውሃ ጎማ በአጥሩ በር አሳልፌ እዘረጋለሁ። በሩ እንዳይጫነው ድንጋይ አስደግፌ ክፍት እተወዋለሁ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ችግር አለው?

አለው። እዚህ ላይ ታገሱኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቤት ፓምፕ ልጠግን ሄድኩ። እሑድ ነበር። ሳሎን ውስጥ ቡና ተፈልቷል፣ እንግዳ ሞልቷል። በጎን በኩል ዞሬ ስገባ የገንዳው በር በድንጋይ ተደግፏል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ ቆማለች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ደርሷል። በአንድ እጇ የአንድ እግር ጫማዋን ይዛለች፣ ሌላኛው እየተንሳፈፈ ይሄዳል። ልትይዘው ጎንበስ አለች። እቃዬን ጥዬ አነሳኋት። አላለቀሰችም፣ ድምፅም አላሰማችም። ይዣት ሳሎን ስገባ እናቷ «አንተ ጋ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። እሷ ልጅቷ ከአያቷ ጋር ያለች መስሏታል። አያትየው ከእናቷ ጋር ያለች መስሏቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው መስጠም ነው። ብዙዎቹ ገንዳ ውስጥ የገቡት ማንም ይዋኛሉ ብሎ ባልጠበቀበት ሰዓት ነው። የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም። አየር ካላገኘ በምን ይጮኻል? ቤት ውስጥ 15 ሰው ቢኖርም አንድም ሰው አይሰማም።

«ተኝተዋል» አልክ። ልጅ ይነቃል። የጓሮውን መስታወት በር ገፍቶ መክፈት ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው አጥሩ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አንተ በድንጋይ ከፍተኸዋል። ስለዚህ ድንጋዩን አንሳ። ጎማውን በአጥሩ ስር አሳልፈው፣ ካልሆነም ይቅር፣ ገንዳው ይሙቅ። በሩ ራሱ የሚዘጋና ራሱ የሚቀረቀር ይሁን፤ የሚከፈተውም ከገንዳው ወደ ውጭ ይሁን። አጥሩ ቢያንስ 5 ጫማ ይሁን። ልጅ የሚንጠላጠልበት ወንበር አጠገቡ አይቀመጥ። ኳስና አሻንጉሊት ውሃው ላይ አይደር፤ ልጅን ወደ ውሃው የሚጠራው እሱ ነው። እንግዳ ሲኖር አንድ ሰው በስሙ ተጠርቶ «እስከዚህ ሰዓት ጠባቂው አንተ ነህ» ይባል፣ ስልኩንም ያስቀምጥ። ሲፒአር (ትንፋሽና ልብ ሲቆም የሚሰጠውን የመጀመሪያ እርዳታ) ደግሞ ባልም ሚስትም አያትም ተማሩ።

ጠዋት ክሎሪን እጨምራለሁ፣ ከሰዓት ስለካ የለም። ውሃው አረንጓዴ እያለ ነው።

ፀሐይ በልታው ነው። ስታብላይዘር (ክሎሪንን ከፀሐይ የሚከላከለው ኬሚካል) ከሌለ ብርሃን ክሎሪንን በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ሙቅ ውሃ ደግሞ ያባብሳል። ስታብላይዘሩን ከ30 እስከ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደሆነ የሚለካበት ነው) አድርሺ፣ ክሎሪኑን ከመሸ ጨምሪ። ክሎሪንና አሲድ ግን በአንድ ባልዲ እንዳይገናኙ። መርዝ ጋዝ ይወጣል።

ውሃውን ደፍቼ በአዲስ ብሞላውስ?

በዚህ ሙቀት አይሞከርም። ባዶው ገንዳ ልስኑ ይሰነጠቃል። የበጋ የቧንቧ ውሃም ቢሆን ሞቅ ያለ ነው።

የሚያቀዘቅዝ ማሽን አለ ይባላል?

አለ። ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችል ሂት ፓምፕም አለ። ዋጋውና ልኩ እንደ ገንዳው ስለሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቤት መጥቶ ይየው።

ልጄ ትናንት ገንዳ ውስጥ ውሃ ትን ብሎት ነበር። ዛሬም ያስለዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።

እህቴ፣ ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም። ውሃ ትን ብሎት ሳሉ ያልተወው፣ መተንፈስ የከበደው ወይም የፈዘዘ ልጅ አይቆይም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚወሰደው። መተንፈስ ካቃተው 911 ደውዪ። በስልክም ያልኳት ይሄንኑ ነው፦ ስልኩን ዝጊና ሂጂ።